ኒኮላይ ቫቪሎቭና ያልታየውን ዝርያ የመፈለግ ጥበብ፦ ከአንኮበር ስንዴ እስከ ኦቾሎኒ ዘይት ጥራት

መግቢያ

በዘይት ሰብሎች ዝርያ ማሻሻል ላይ የተሰማራ ተመራማሪ አንድን የጥራት ባሕርይ ወደ አዲስ ዝርያ ለማስተላለፍ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ባሕርዩ በአንድ ተክል ውስጥ መገኘት አለበት፤ የዚያ ተክል ዘር በሆነ ስፍራ ተጠብቆ መቆየት አለበት፤ ተመራማሪውም ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ሦስቱን በአንድ ሐሳብ አስተሳስሮ ለእፅዋት ሳይንስ ያበረከተው ሰው ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። ቫቪሎቭ የኦቾሎኒን (በተለምዶ ለውዝ የሚባለውን) ቅባት አሲድ አልመረመሩም፤ የዚህ ዘይት ጥራት የዘረመል ምሥጢር የተገለጠው እርሳቸው ከሞቱ ከአርባ ዓመታት በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የተገለጠበት መንገድ እርሳቸው በ1920 የነደፉትን ሕግና በሕይወታቸው ዋጋ ያቆዩትን የዘር ስብስብ አስተሳሰብ ትክክለኛነት ከሚያሳዩ ምስክሮች አንዱ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሳይንቲስቱን ሕይወት ከዚህ አቅጣጫ ይቃኛል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ቫቪሎቭ በኅዳር ወር 1887 በሞስኮ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይም በፊዚክስ ታላቅ ስም ያተረፉና ኋላ የሶቪየት ኅብረት ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁ ናቸው። ኒኮላይ የንግድ ትምህርት ቤቱን በ1906 እንደ ፈጸሙ የአባታቸውን ሙያ ትተው ወደ ሞስኮ የግብርና ተቋም ገቡ።

ከተመረቁ በኋላ በሴንት ፒተርስበርግ በነበረው የተግባራዊ ዕፅዋት ሳይንስ ቢሮ በሮበርት ሬጌል ሥር ሠሩ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተጉዘው ከዊልያም ቤትሰን ጋር መሥራታቸው በአስተሳሰባቸው ላይ ትልቅ ለውጥ አመጣ። ቤትሰን የሜንዴልን የውርስ ሕግ ለዓለም በማስተዋወቅ ግንባር ቀደም ነበሩ። ወጣቱ ተመራማሪ የእህል ሰብሎች ዋግንና ሌሎች በሽታዎችን የሚቋቋሙት ለምን እንደሆነ ሲያጠኑ፣ የመቋቋም ባሕርይ በተክሎች መካከል በዘፈቀደ የተበተነ ሳይሆን የዝምድናን መስመር ተከትሎ የሚገኝ መሆኑን አስተዋሉ። ይህ ምልከታ የኋለኛው ሥራቸው መነሻ ሆነ።

የሳራቶቭ ሕግ

በ1917 ቫቪሎቭ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ጊዜው የአብዮት፣ የእርስ በርስ ጦርነትና የእጦት ዘመን ነበር። በዚያ ሁኔታ ውስጥ በሰኔ ወር 1920 በከተማይቱ በተካሄደው የዝርያ ማሻሻያ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ የተጓዳኝ ረድፎች ሕግ በመባል የሚታወቀውን ሐሳባቸውን አቀረቡ። ሕጉ በ1922 በእንግሊዝኛ ታትሞ ለዓለም ሳይንስ ደረሰ።

የሕጉ ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። በዝምድና የተቀራረቡ የዕፅዋት ዝርያዎች በውርስ የሚተላለፉ ልዩነቶቻቸው ተመሳሳይ ረድፍ ይከተላሉ። የዳቦ ስንዴ ነጭና ቀይ ፍሬ፣ ጢም ያለውና ጢም የሌለው ዛላ፣ የክረምትና የበጋ ዓይነት ካለው፣ የቅርብ ዘመዱ የሆነው ዱረም ስንዴም እነዚሁ ዓይነቶች እንዲኖሩት ይጠበቃል። የአንዱን ረድፍ በሚገባ ያወቀ ሰው በሌላው ረድፍ ውስጥ ገና ያልታየው ቅርጽ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መናገር ይችላል። በኬሚስትሪ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ባዶ ቦታዎች ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች እንደ ጠቆሙ ሁሉ፣ የቫቪሎቭ ረድፎችም በባዶ ቦታቸው የፍለጋ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ስለዚህ ሕጉ ካለው ነገር ዝርዝር ይልቅ ለሌለው ነገር ትኩረት መስጠቱ ከቀደሙት የዕፅዋት ምደባ ሥራዎች ይለየዋል።

ጉዞና የኢትዮጵያ ምስክርነት

ትንበያ ካለ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ተዛውረው የተግባራዊ ዕፅዋት ሳይንስ ቢሮውን መምራት የጀመሩት ቫቪሎቭ፣ ቀጣዮቹን ሃያ ዓመታት ያሳለፉት በአብዛኛው በጉዞና የተሰበሰበውን ዘር በማስተካከል ነው። በ1916 ኢራንንና ፓሚርን አይተው ነበር፤ በ1924 አፍጋኒስታንን፣ በ1926 እና በ1927 የሜዲትራንያን አገሮችንና የአፍሪካ ቀንድን፣ በ1929 ምዕራብ ቻይናን፣ ጃፓንንና ኮሪያን፣ ከዚያም መካከለኛውንና ደቡብ አሜሪካን ጎበኙ።

ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በጅቡቲ በኩል ሲሆን ከአዲስ አበባ በፊት ሐረርን አይተዋል። በመዲናዪቱ የአልጋ ወራሹን የራስ ተፈሪ መኰንንን ፈቃድ አግኝተው በበቅሎ ጉዞ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ዘለቁ፤ በመጨረሻም በ1927 የጸደይ ወራት ወደ አሥመራ ወጡ። በዚህ ጉዞ ከሰበሰቡት በሺዎች የሚቆጠር የዘር ናሙና ውስጥ ጤፍ፣ ኑግ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ተልባና ጎመንዘር ይገኙበታል።

ለሳይንሱ ታሪክ ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው ግን በአንኮበር አካባቢ የተገኘው ስንዴ ነው። በዚያን ጊዜ ጢም የሌለው የዳቦ ስንዴ በብዙ አገር ይታወቅ ነበር፤ ጢም የሌለው ዱረም ስንዴ ግን በረድፉ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታይ ነበር። ያ ስንዴ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ ተገኘ። በሳራቶቭ አዳራሽ በአመክንዮ የተነገረው ነገር ከሰባት ዓመት በኋላ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ በዛላው ታየ ማለት ነው። ቫቪሎቭ ከዚህ የተነሣ ኢትዮጵያን ራሷን የቻለች የሰብሎች መገኛ ማዕከል አድርገው መደቡ። የኋላ ጥናቶች ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተለመዱት በሌላ ስፍራ መሆኑንና ኢትዮጵያ ለእነርሱ የብዝኃነት ማዕከል መሆኗን ለይተዋል፤ ለጤፍ፣ ለኑግና ለእንሰት ግን የመገኛነቱ ፍርድ ጸንቷል።

ስብስቡና የኦቾሎኒ መገኛ

በ1926 ቫቪሎቭ ስለ ሰብሎች መገኛ ማዕከላት የጻፉትን ዝነኛ ሥራ አሳተሙ። በኋለኞቹ እትሞች ባሰፉት ካርታ ውስጥ የብራዚልና የፓራጓይ ንዑስ ማዕከል የኦቾሎኒ፣ የካሳቫና የአናናስ መገኛ ተብሎ ተመዝግቧል። የዛሬው ዕውቀት የኦቾሎኒን መገኛ ከዚያ ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደቡባዊ ቦሊቪያና ወደ ሰሜናዊ አርጀንቲና ያቀርበዋል። የታረመው ዝርዝሩ ነው፤ ብዝኃነቱን በአህጉሩ እምብርት የመፈለግ ዘዴው ግን አልተለወጠም።

ቫቪሎቭ ከ1924 ጀምሮ የመሩት ተቋም፣ በ1930 የመላው ሶቪየት የዕፅዋት ልማት ተቋም ተብሎ የተሰየመው፣ በ1940 ገደማ ከ200 ሺህ በላይ የዘር ናሙናዎች ነበሩት። ይህ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የሰብል ዘር ስብስብ ነበር። ዘር በመደርደሪያ ላይ ለዘላለም አይኖርም፤ በየጊዜው ተዘርቶ መታደስ አለበት። ስለዚህ ስብስቡ በተለያየ የአየር ንብረት ክልል በተቋቋሙ ጣቢያዎች በየወቅቱ የሚዘራ፣ የሚመዘገብና የሚነጻጸር ሕያው ሥራ ነበር። የሕጉ ረድፎች የሚሞሉትም በዚህ የተደጋገመ ድካም ነበር።

ክርክሩ፣ እስሩና ሞቱ

በ1929 የሌኒን የግብርና ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቫቪሎቭ፣ በ1930ዎቹ ከባድ ፈተና ገጠማቸው። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባሉ የግብርና ባለሙያ የተክልን ባሕርይ በአካባቢ ተጽዕኖ በጥቂት ወቅት መለወጥና ለውጡንም ማውረስ ይቻላል ብለው ተነሡ። ቫቪሎቭ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሊሴንኮን የዘር ማቀዝቀዝ ሙከራ በበጎ ዓይን ተመልክተው ነበር፤ ሐሳቡ የሜንዴልን ሕግ ወደ መካድ ሲያመራ ግን ተቃወሙት። መንግሥት በፍጥነት የሚደርስ ምርት ይሻ ነበር፤ የቫቪሎቭ መንገድ ደግሞ ዘርን መሰብሰብ፣ ማዳቀል፣ ትውልዶችን መቁጠርና መታገሥ ይጠይቅ ነበር። በ1935 ከአካዳሚው ፕሬዚዳንትነት ተነሡ፤ በ1938 ሊሴንኮ ያንኑ ሥልጣን ያዙ። በ1939 በኤዲንብራ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆነው ቢመረጡም ከአገር እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም።

በክርክሩ ውስጥ የነበረውን ሳይንሳዊ ጉዳይ ለመረዳት የዘይት ጥራት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የቅባት እህሎች የዘይት ስብጥር በእርግጥም በአካባቢ ይለወጣል። ዘሩ በሚሞላበት ወቅት አየሩ ሲቀዘቅዝ የሊኖሌይክ አሲድ ድርሻ ይጨምራል፤ ሲሞቅ የኦሌይክ አሲድ ድርሻ ከፍ ይላል። ይህን ብቻ ያየ ሰው አካባቢን በመለወጥ ዝርያን መለወጥ ይቻላል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን ያው ዘር ወደ ቀድሞው ስፍራ ሲመለስ ስብጥሩም ይመለሳል፤ በትውልድ የሚጸናው በዘረመል ላይ የተመሠረተው ልዩነት ብቻ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሚቻለው ብዙ ናሙናዎችን በአንድ ማሳ ጎን ለጎን በመዝራትና አንዱን ናሙና በብዙ ስፍራ በመዝራት ነው። የቫቪሎቭ ጣቢያዎች ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነበር።

ነሐሴ 6 ቀን 1940 ቫቪሎቭ በምዕራብ ዩክሬን በቼርኒቭትሲ አካባቢ ዘር እየሰበሰቡ ሳለ ተያዙ። ለወራት ከዘለቀ ምርመራ በኋላ ግብርናን በማሰናከልና በስለላ ተከሰው በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ በ1942 ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። ያን ጊዜ በሳራቶቭ እስር ቤት ነበሩ። በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል አድርጎ መረጣቸው። ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመታቸው በረኀብ ተዳክመው በእስር ቤቱ ሕይወታቸው አለፈ። ሕጋቸውን በይፋ ያቀረቡባት ከተማ የሞቱባትም ከተማ ሆነች። በ1955 ክሱ ተሰርዞ ስማቸው ታደሰ፤ የመሩት ተቋምም ኋላ በስማቸው ተጠራ።

የኦቾሎኒው ስብስብ ጠባቂ

ቫቪሎቭ በእስር ላይ ሳሉ ሌኒንግራድ ከመስከረም 1941 ጀምሮ በጀርመን ጦር ተከበበች። በመጀመሪያው ክረምት ለአብዛኛው ነዋሪ የሚታደለው ዳቦ በቀን እስከ 125 ግራም ወርዶ ነበር። በተቋሙ ሕንጻ ውስጥ ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ አተርና የቅባት እህል በቶን የሚቆጠር ሆኖ ተከማችቶ ነበር። ሠራተኞቹ ክፍሎቹን ከቅዝቃዜ፣ ከአይጥና ከሌባ እየጠበቁ ከዘሩ ሳይነኩ ቆዩ። ከመካከላቸው ብዙዎች በረኀብ ሞቱ። የሩዝ ባለሙያው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺዎች የሚቆጠር የሩዝ ናሙና አጠገብ ሞቱ። የኦቾሎኒ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪንም በጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ እንዳሉ አረፉ።

በክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት የሆነ፣ ጥሬውን የሚበላ ዘር በእጅ እያለ በረኀብ መሞት ለብዙ አንባቢ ለመረዳት የሚከብድ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ግን እያንዳንዱ ከረጢት ሌላ ምትክ የሌለው የረድፍ አካል ነበር፤ አንዱ ናሙና ከጠፋ በውስጡ ያለው፣ ገና ማንም ያላየው ባሕርይም አብሮ ይጠፋል። ይህ እምነታቸው ትክክል መሆኑን የኦቾሎኒ ዘረመል ከአርባ ዓመታት በኋላ በሌላ አህጉር፣ በሌላ ስብስብ አሳየ።

ሕጉ በኦቾሎኒ ዘይት ሲፈተን

የኦቾሎኒ ዘይት ጥራት በዋናነት የሚወሰነው በሁለት ቅባት አሲዶች መጠን ነው። ኦሌይክ አሲድ አንድ ድርብ ማሰሪያ ያለው ሲሆን በአየር ቶሎ አይበላሽም። ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት ድርብ ማሰሪያ ስላለው በብዙ እጥፍ ፍጥነት ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ የተቆላ ኦቾሎኒ ሲቆይ የሚያመጣው የሻገተ ዘይት ሽታ ከዚህ የመነጨ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው ዴሳቹሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ይህን ኢንዛይም የሚያስገኘው ዘረመል ፋድ2 ይባላል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሱፍ ውስጥ ከፍተኛ ኦሌይክ አሲድ ያላቸው ተክሎች ተገኝተው ነበር። በ1976 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት በክራስኖዳር የሚሠሩት ሶልዳቶቭ የፈረንጅ ሱፍን ዘር በኬሚካል በማከም ፐርቬኔትስ የተባለውን ከፍተኛ ኦሌይክ ዝርያ አወጡ። ሰብሎቹ ከኦቾሎኒ ጋር የቤተሰብ ዝምድና የላቸውም፤ ሆኖም ዘይት የሚሠሩበት የኢንዛይም መስመር አንድ ነው። በቫቪሎቭ አስተሳሰብ ሲታይ በኦቾሎኒ ረድፍ ውስጥ ባዶ ቦታው ግልጽ ነበር።

በ1987 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኖርደንና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን አቀረቡ። ወደ 500 የሚጠጉ የኦቾሎኒ ዓይነቶችን ሲመረምሩ 80 በመቶ ኦሌይክና 2 በመቶ ብቻ ሊኖሌይክ አሲድ ያለው ዝርያ አገኙ። በተለመደው ኦቾሎኒ የኦሌይክ መጠን ከ36 እስከ 67 በመቶ፣ የሊኖሌይክ ደግሞ ከ15 እስከ 43 በመቶ ነው። ኤፍ435 የተባለው ይህ ዘር በተፈጥሮ የተገኘና በስብስብ ውስጥ ሳይታወቅ የቆየ ነበር።

በ1989 የታተመው የውርስ ጥናት ይህ ባሕርይ ለምን ተሸሽጎ እንደ ኖረ አስረዳ። ባሕርዩ በሁለት ድብቅ ዘረመሎች ይወሰናል። ኤፍ435 ከአንዳንድ ወላጆች ጋር ሲዳቀል በሁለተኛው ትውልድ የተለመዱትና ከፍተኛ ኦሌይክ ያላቸው ተክሎች 3 ለ 1፣ ከሌሎች ጋር ሲዳቀል ደግሞ 15 ለ 1 ሆነው ተከፈሉ። ምክንያቱ የሰብሉ ታሪክ ነው። ኦቾሎኒ ከሁለት የዱር ዘመዶች ውሕደት የተገኘ ባለ 40 ክሮሞሶም ተክል በመሆኑ ፋድ2ን በሁለት ቅጂ ይዟል። አንደኛው ቅጂ ቢበላሽ ሁለተኛው ሥራውን ይቀጥላልና ዘይቱ ብዙም አይለወጥም። ከ2000 ጀምሮ የተደረጉ ሞለኪውላዊ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በአንደኛው ቅጂ በ448ኛው ቦታ ጉዋኒን በአዴኒን ተተክቷል፤ በሁለተኛው ቅጂ ደግሞ በ442ኛው ቦታ አንድ አዴኒን ገብቶ የኮዱን ንባብ አፋልሷል።

በ2007 የአሜሪካ የኦቾሎኒ ስብስብ ተወካይ ናሙናዎች ሲፈተሹ የመጀመሪያው ጉድለት ከናሙናዎቹ ሲሶ በሚጠጋው ውስጥ ተገኘ። የ3 ለ 1 ክፍፍሉም በዚህ ተብራራ፤ ተዳቃዩ ወላጅ የመፍትሔውን ግማሽ ሳይታወቅ ይዞ ነበር። የሁለተኛው ቅጂ ጉድለት ግን ብርቅ ነው። ኋላ ከብሔራዊው ስብስብ በተፈጥሮ ከፍተኛ ኦሌይክ የሆኑ ሌሎች ናሙናዎች ሲገኙ፣ በዚያው ሁለተኛ ቅጂ ላይ ከኤፍ435 የተለየ ጉድለት እንዳላቸው ታወቀ።

ይህ ግኝት የሕጉን ኃይልም ወሰንም ያሳያል። ቫቪሎቭ የሚታየውን መልክ መሠረት አድርገው ረድፎችን ሠሩ፤ ዛሬ ረድፉ እስከ ዘረመሉ ድረስ እንደሚወርድ እናውቃለን። ነገር ግን መልኩ አንድ መሆኑ የጉድለቱን አንድነት አያረጋግጥም። በፐርቬኔትስ የፈረንጅ ሱፍ ኦሌይክ የጨመረው የፋድ2 ክፍል ተደግሞ ዘረመሉ ጸጥ በመባሉ ነው፤ በኦቾሎኒ ግን በነጠላ ፊደላት ለውጥ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ሰብል የተሠራ የዘረመል ምልክት ለሌላው እንዳለ አያገለግልም፤ ሕጉ የት መፈለግ እንዳለብን ይነግራል እንጂ ምን እንደምናገኝ እስከ ዝርዝሩ አይነግርም።

ማጠቃለያ

ፍሎሪዳ በ1995 የመጀመሪያውን ከፍተኛ ኦሌይክ የኦቾሎኒ ዝርያ ለገበሬ አበቃች፤ ከዚያ ወዲህ የተለቀቁት አብዛኞቹ ተመሳሳይ ዝርያዎች የዘር ሐረጋቸው ወደ ኤፍ435 ይመለሳል። ከአንድ የዘር ከረጢት ይህን ያህል መውጣቱ ሌኒንግራድ ውስጥ የተከፈለው ዋጋ ከንቱ እምነት እንዳልነበረ ያመለክታል።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ከዚህ ሕይወት የሚወሰደው ቁም ነገር ተግባራዊ ነው። ቫቪሎቭ በበቅሎ ባለፉባቸው አውራጃዎች የሚበቅለው የደጋ ኑግ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ ነው፤ ከፍ ያለ ኦሌይክ ያላቸው የኑግ ተክሎች በጥናት መገኘታቸው ግን በዚህም ረድፍ ባዶው ቦታ መሞላት እንደ ጀመረ ያሳያል። በጎመንዘርም የኤሩሲክ አሲድን መጠን ወደ ዜሮ ያወረዱ መሥመሮች የተገኙት በዘመዱ በሬፕሲድ የታየው ለውጥ አስቀድሞ ስለ ታወቀ ነው። በባቢሌና በሌሎች የምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች የሚመረተውን ኦቾሎኒ ለማሻሻል የሚነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪም፣ ማዳቀል ከመጀመሩ በፊት በእጁ ያሉት ዝርያዎች የመጀመሪያውን ቅጂ ጉድለት ይያዙ አይያዙ ቢፈትሽ የሚጠብቀው ክፍፍል 3 ለ 1 ወይም 15 ለ 1 መሆኑን፣ ስለዚህም ምን ያህል ተክል መዝራት እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ከ1976 ጀምሮ በአገራችን የተቋቋመው የዘር ማከማቻም ናሙናዎቹ በየወቅቱ እየታደሱና በዘይት ስብጥራቸው እየተመዘገቡ ሲሄዱ፣ በውስጡ ተሸሽጎ የሚገኘው ባሕርይ ለፍለጋ ክፍት ይሆናል።